የአራስ እንሰት ፍለጋ

አክስቴ ጓሮ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ጥላውን ነበር። ጓሮው ከገዘር ከተማ ወጣ ብሎ፣ ተዳፋት ላይ ነው። ውጭ ፀሐይዋ አናት ብትበሳም፣ እንሰቶቹ መካከል ሲገቡ ብርሃኑ አረንጓዴ ይሆናል፤ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ኮቴ እንኳ አይሰማም። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ሲዘጋ ከጂንካ ወጥቼ እዚያ እከርም ነበር። እንግዳ ሲመጣና "ነይና ሰላም በይ" ስባል መሸሸጊያዬ ያ ጓሮ ነበር። አንዱ ግንድ ጀርባ ቁጭ እላለሁ፤ ሰው ሁሉ ይረሳኛል።

ያኔ እንሰት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር። ለአክስቴ ግን እንደዚያ አልነበረም። ይህቺ ለቆጮ፣ ያቺ ለቃጫ፣ አጥሩ ሥር ያሉት ለከብት፣ ጥግ ላይ ያለችው ደግሞ ሥሯ ተቀቅሎ የሚበላ። እያንዳንዷን በአሪኛ ስሟ ትጠራታለች። መንደሩን ለእንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው እየዞረች፣ የትኛዋ ከማን ቤት እንደመጣች፣ የትኛዋ ድርቅ እንደምትችል፣ የትኛዋ "ሰነፍ" እንደሆነች ትነግረኝ ነበር።

ከሁሉ የምትሳሳላት አንዲት ነበረች። የቅጠሏ አከርካሪ ከታች በኩል ወይን ጠጅ ነው፤ ግንዷ ላይ ጥቁር ሰረዝ ሰረዝ አለው። አሚቾዋ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥሯ፣ ቶሎ ይበስላል፣ አፍ ውስጥ ይሟሟል። በመንደሩ የወለደች ሴት መጀመሪያ የምትቀምሰው እሷን ነው። ስሟን ወደ አማርኛ ብመልሰው "የአራስ" ማለት ይሆናል። አያቴ ከላይኛው መንደር ስትዳር ይዛት መጣች ይባላል። እናቴ እኔን ስትወልድ የበላችው ከእሷ ነው። ከሩቅ ሳይቀር "ልጄ ወልዳለችና" እያሉ የሚመጡ ሴቶች ነበሩ፤ አክስቴም አንዲቷን እንኳ ባዶ እጇን መልሳ አታውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ሳጠና ስለ ብዝኀ ሕይወት ጥበቃ የሚያስተምር አንድ ኮርስ ወሰድን። መምህራችን በመጀመሪያው ቀን "ሊጠፉ የተቃረቡ የምትሏቸውን ጥሩልኝ" ሲሉን ክፍሉ በሙሉ አውሬ ጠራ። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጥቁር አንበሳ። አንዱ ልጅ የደቡብ ኦሞ ልጅ መሆኔን ያውቅ ስለነበር ወደ እኔ ዞሮ "የማጎ ዝሆን!" አለ። ሁሉም አየኝ። ሲያዩኝ ድምፄ ይጠፋል፤ ዝሆን አይቼ እንደማላውቅ እንኳ መናገር አቃተኝ።

መምህሩ ግን አውሬዎቹን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲጨርሱ ከሥር ባዶ መስመር አሰመሩ። "ዘር ጫካ ውስጥ ብቻ አይጠፋም፤ ጓሮ ውስጥም ይጠፋል" አሉ። ያን ሴሚስተር የተማርኩት ብዙው ነገር ለፈተና ሆኖ አለፈ፤ ሁለት ነገር ግን ቀረልኝ። አንደኛው፣ ብዛት ለብቻው ዋስትና አይደለም፤ ሺህ ሆኖ አንድ ዓይነት የሆነ ነገር በአንድ በሽታ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ አንድ ዘር በየቦታው ተበታትኖ፣ ግን ከቦታ ቦታ እየተላለፈ ሲኖር ዕድሜው ይረዝማል። በአንዱ ቦታ ሲጠፋ ከሌላው ይመጣና ይተካል። መጥፋት የሚባለው መተላለፊያው ሲዘጋ ነው። ይህን በጥሩ እንግሊዝኛ ጽፌ ጥሩ ውጤት አገኘሁበት። ከአክስቴ ጓሮ ጋር ግን አላገናኘሁትም።

ተመርቄ ጂንካ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ወደ ገዘር ወጣሁ። አክስቴ ጓሮ ስደርስ አንድ ነገር ልክ አልመስል አለኝ፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ጊዜ ወሰደብኝ። ጓሮው በርቷል። ፀሐይ መሬት ድረስ ይገባል። ከላይ ሆነው ጥላ የሚሰጡት ቅጠሎች መሐላቸው ቢጫ ሆኖ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል።

የጎረቤት ሴቶች ሣር ላይ ተቀምጠው የተቀቀለ ጎደሬ ይበላሉ፤ ቢላና ገጀራቸው አጠገባቸው ነው። አክስቴ እንሰቶቿ ታመሙ ሲባል ሰምተው በደቦ መጥተው፣ ቢጫ ቢጫውን ቅጠል እየቆረጡ ሲያቀሉላት ነው ያረፈዱት። እዚያ የምንነጋገረው በአሪኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

"ቲቸር መጣች!" አለች ከመካከላቸው ቀልደኛዋ፣ የአክስቴ የአጥር ጎረቤት። "ሥራ አልቆ ምግብ ሲቀርብ የምትደርሰው ቲቸር።"

ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩና ከተቆረጡት አንዱን አንስቼ ጫፉን ተጫንኩት። እንደ ወፍራም ወተት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ወጣ።

"አጠውልግ ነው" አልኩ። "የእንሰት በሽታ ነው።"

"ዐይን ነው እንጂ" አለች አንዷ። "ይህን ጓሮ ስንቱ በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ አይቶታል!"

"ከዚህ በፊት የማንን ጓሮ ቆረጣችሁ?"

ነገሩኝ። ከዚህ በፊት እታች ያለውን ቤት ረድተዋል፤ ነገ ደግሞ ቀልደኛዋ ዘንድ ተራ አላቸው። እዚያ በተቆረጠበት ቢላ እዚህ ተቆርጧል፤ በዚሁ ቢላ ነገ እዚያ ይቆረጣል። አንዷ ስትቸገር እያንዳንዷ ገጀራዋን ይዛ የምትደርስበት መንደር ነው። ያ ደግነት ነው በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ እየመራ ያስገባው።

"ቢላዎቹ እሳት ውስጥ መግባት አለባቸው" አልኩ። "ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት።"

"ምን አለች?" አለች አንዷ። ድምፄ ሁልጊዜ ትንሽ ስለሆነ አክስቴ ደገመችልኝ።

"እኛ ቢላ ማጠብ እናውቃለን። ውሃ አነሰው?" አለች ሌላዋ።

"ውሃ አይበቃውም። በሽታው ስለቱ ላይ ይቀራል።"

ቀልደኛዋ ገጀራዋን ከፍ አድርጋ እያገላበጠች አየችው። "በውሃ አጠመቅነው፤ አሁን ደግሞ በእሳት ሊጠመቅ ነው። ከእኔ ቀድሞ መንግሥተ ሰማያት ሊገባ!"

ሴቶቹ እስኪያስነባቸው ሳቁ። ቢሆንም ተነሥታ ጭራሮ የሰበሰበችውና እሳቱን ያቀጣጠለችው እሷው ነበረች።

የእሷና የሌሎቹ ጓሮ በከፊል ተረፈ። ለአክስቴ ግን ዘግይቶ ነበር። በተከታዮቹ ወራት ቅዳሜ በመጣሁ ቁጥር የሚታየው ሰማይ ይሰፋ ነበር። የታመመውን ነቅለን፣ ጉድጓድ ቆፍረን፣ በሽታው መንገድ ላይ እንዳይቀር ሳንጎትት ተሸክመን እየወሰድን ቀበርን። የአራሷ መጀመሪያ ደኅና መሰለችን፤ አክስቴም ጠዋት ጠዋት ዙሪያዋን እየዞረች ታያት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን መሐል ቅጠሏ አንገቱን ደፋ። አክስቴ ራሷ ቆፍራ አወጣቻት። ችግኞቿንም አወጣች፤ እነሱም ውስጣቸው ቢጫ ነበር።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን "ሌላውን ዘመድ ይሰጠኛል፤ ካጣሁም ከገበያ እገዛለሁ" አለች። "እሷን ግን ከየት አመጣታለሁ? የእናቴ ናት። ነገ አንዲት ሴት ወልዳ ቢልኩብኝ ምን ብዬ ልመልስ ነው?"

ያኔ ነው ያ የፈተና መልስ ትዝ ያለኝ። አንዱ ቦታ ሲጠፋ ከሌላው ይመጣል። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ችግኝ ስትሰጥ የኖረች ሴት ናት።

"የአራሷን ችግኝ የሰጠሻቸው ሴቶች የሉም?" አልኳት።

"አሉ እንጂ።"

"እንሂድና እንጠይቃቸዋ!"

ነውር የተናገርኩ ያህል አየችኝ። "የሰጠ ሰው ይጠይቃል እንዴ?"

ለካስ እንሰት እንደሌላ ነገር አይደለም። የሰጠሽውን ተመልሰሽ ብትጠይቂ፣ መጀመሪያውኑ ያበደርሽ እንጂ የሰጠሽ አትሆኚም፤ ተቀባይዋንም ታሳፍሪያለሽ። አክስቴ እሳቱን ቆሰቆሰችና "ሄዶ መቀመጥ ግን ይቻላል" አለች። "የሰው ጓሮ ማድነቅም ይቻላል። የቀረው የባለቤቷ ነው፤ ሴት ከሆነች ይገባታል።"

እኔ ደግሞ፣ ከሰው ፊት ቆሜ "ስጪኝ" ከማለት ረሃብ የሚሻለኝ ሰው፣ እንዲህ ያለ ባህል ለእኔ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ከወንዙ ማዶ፣ አክስቴ በቤተ ክርስቲያን አብራት የምትዘምር አንዲት አሮጊት ቤት ነው። ተቀመጥን። አክስቴ ጎመኗን አደነቀች፤ አጥሯን አደነቀች፤ እንሰቶቿን አንድ በአንድ አደነቀች። አሮጊቷ ሰማቻትና ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጎመኔን እሑድ እሑድ ታዪዋለሽ፤ ዛሬ ነው እንዴ ያማረሽ? ለማን እንደመጣሽ ዐውቄአለሁ። የለችም። ጃርት ከሥሯ በላብኝ። ሳትበላ ግን ችግኟን እታችኛው መንደር ላለች ለእህቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ።"

ወደ ታችኛው መንደር ወረድን። የእህቷ ልጅ ቤት ስንደርስ እንሰት የሚባል የለም። ጓሮው በሙሉ አቮካዶ ነው፤ በመስመር የተተከለ፣ የሚያምር ነው። አክስቴ ተስፋ ቆርጣም ቢሆን ሥርዓቷን አላጓደለችም። "አቮካዶሽ እንዴት ያምራል" አለች።

ሴትየዋ ሳቀች። "እቴቴ፣ አንቺ አቮካዶ ልታይ ይህን ቁልቁለት አልወረድሽውም። ባለቤቴ ነው፤ 'እንሰት ዓመታት ያስጠብቃል፣ አቮካዶን ነጋዴ እዚሁ ድረስ መጥቶ ይወስደዋል' ብሎ ነቀለው። እውነቱን ነው፤ ልጆቹን ያስተማርናቸው በዚሁ ነው።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሳይነቀል አንዷን ልጄ ወስዳ ጂንካ የተከራየችበት ግቢ ተክላት ነበር። አሁን አግብታ ቀይ አፈር ከተማ ገብታለች። ቤቱን ማን እንደተከራየው እንጃ።"

የግቢውን ምልክት ስትነግረን ደነገጥኩ። ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ።

በገበያ ቀን አክስቴ ወደ ጂንካ ወረደች፤ ወደ ግቢው አብረን ሄድን። ከቆርቆሮው አጥር በላይ ሰፋፊ ቅጠሎች ይታያሉ። አክስቴ መንገዱ ላይ ቆመች፤ አንዱ ቅጠል ወደ ውጭ አዘንብሎ ነበርና እጇን ዘርግታ ገለበጠችው። ወይን ጠጅ። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

በሩን የከፈተችልን ከሰሜን ለሥራ ተመድቦ የመጣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ባለቤት ነበረች። በደጃፏ ሳልፍ ሰላም እንባባላለን፤ ከዚያ ያለፈ አናውቅም። "ግቡ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ" ብላ ጥላው ሥር ወንበር አወጣችልን። የዐቢይ ጾም ነበር፤ ከድፎ ዳቦ ቆርሳ አቀረበች።

አክስቴ በገበያ አማርኛዋ ጀመረች። "ግቢሽ ጥሩ ነው።"

"ተመስገን። ይህቺ ኮባ እኮ ናት ግቢውን ግቢ ያስመሰለችው" አለች የቤቱ እመቤት፣ እንሰቷን በሰሜን አጠራር ጠርታ፣ ግንዱን በመዳፏ እየመታች።

"በጣም ጥሩ ነው። ትልቅ ነው።"

"አዎ፣ ትልቅ ናት። ዳቦ ጨምሩ እንጂ።"

"ቅጠሉ ጥሩ ነው።"

"ቅጠሏማ! ዳቦውን የጋገርኩበት እሱ አይደል? በእሱ ሲጋገር ሽታው ሌላ ነው። ብሉ በሞቴ።"

አክስቴ በላች። ግንዱን አደነቀች፤ ጥላውን አደነቀች፤ ተመልሳ ቅጠሉን አደነቀች። እመቤቲቱ ባደነቀች ቁጥር ደስ እያላት ዳቦ ትጨምራለች። ባለ አቮካዶዋ ዘንድ አንድ ዐረፍተ ነገር የበቃው ነገር እዚህ ሙሉ ድፎ ሊጨርስ ነው። በመጨረሻ አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለችና በአሪኛ "ተነሺ እንሂድ" አለችኝ።

"ለምን?"

"አልሰጠችንም። ደግ ሴት ናት፣ ግን መስጠት አልፈለገችም። መብቷ ነው።"

"አክስቴ፣ አልፈለገች ሆኖ አይደለም። እንደምንጠይቃት አላወቀችም።"

"ሰው ይህን እንዴት አያውቅም?"

ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ባህሉ የሚሠራው ባህሉን በሚያውቁት መካከል ነው። ዘሩን ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲያሻግር የኖረው መንገድ እዚህ ደጃፍ ላይ ደርሶ ቆሟል። አሁን ተነሥተን ከወጣን ያለን ተስፋ እዚያው ቆሞ ይቀራል፤ የማንኛችንም ክፋት ሳይኖርበት። የሁለቱንም ሴቶች ቋንቋ የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ዳቦውን አስቀመጥኩ።

"እኅቴ፣ የመጣነው ስለዚህች እንሰት ነው" አልኩ። ቃሉ አንዴ ከወጣ በኋላ የቀረው ተከታትሎ መጣ። የአክስቴ ጓሮ እንዳለቀ፣ ይህቺ ዓይነት ከአያቴ እንደመጣች፣ ለአራስ እንደምትሰጥ፣ ፈልገን ፈልገን ያገኘናት እዚህ ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። እንዲህ ረዥም ነገር ከክፍል ውጭ ተናግሬ አላውቅም።

እመቤቲቱ አፏን ከፍታ ግንዱን አየችው። "ትበላለች? ይቺ?"

"ሥሯ ይበላል።"

"ኧረ በማርያም! እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ምግብ ላይ ተቀምጬ ነው ለጾም የሚሆን ፍለጋ ገበያ የምመላለሰው?" ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ከበድ አለ። "ታዲያ አጠገቧ ችግኝ የለ፤ ምኗን ልስጣችሁ?"

ከባዱ ይኼ ነበር። እንሰት እንዲሁ ሲተውት ብዙ አይወልድም። ግንዱ ተቆርጦ፣ የሥሩ እምብርት ወጥቶ፣ በአፈር ሲሸፈን ነው ዙሪያውን ችግኝ የሚያፈላው። እናቲቱ ካልተሠዋች ልጆች የሉም። ይህንን ያስረዳችው አክስቴ ናት፤ በአማርኛዋ፣ በእጇም ጭምር።

"ቁረጡ ልትሉኝ ነው?" አለች እመቤቲቱ። "የፋሲካ ዳቦዬንስ በምን ልጋግር? ባለቤቴስ? ሬዲዮውን ይዞ የሚቀመጥባት ጥላ ናት።"

"ሥሩ ለሁለት ይሰነጠቃል" አለች አክስቴ። "ግማሽ እዚህ ይቀበራል፤ ላንቺ። ግማሽ እኔ እወስዳለሁ። ልጆች ብዙ ይሆናሉ። ለዳቦ ብዙ ቅጠል።"

እመቤቲቱ ወደ እኔ ዞረች። "እውነቷን ነው?"

"እውነቷን ነው። የሚቆርጠው ስለት በእሳት ካለፈ ማለት ነው።"

"እንግዲያው ፋሲካ ይለፍ" አለች። "ከፋሲካ በኋላ ኑ፤ ባለቤቴንም እስከዚያ አለሳልሰዋለሁ።"

እስከ ፋሲካ የነበረውን ጊዜ አልረሳውም። ሌላ ቦታ ሌላ የአራስ እንሰት አለመኖሩን እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እኛ የምናውቃት ግን እሷን ብቻ ነበር። ስለ ጥቂት ቁጥር ስንማር፣ የቀረው ጥቂት ሲሆን የሚገድለው ትልቅ ነገር መሆን የለበትም ተብለን ነበር፤ ተራ አጋጣሚ ይበቃል። አሁን ተራ አጋጣሚ ሁሉ ያስፈራኝ ጀመር። ነፋስ ሲነሣ የማስበው ያን ግንድ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ፍየል ስትገባ አይቼ፣ ለወትሮው ሰው ደጃፍ የማላንኳኳው፣ ገብቼ አባረርኳት። እመቤቲቱ መስኮት ላይ ሆና "ጠባቂዋ መጣች!" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አክስቴ ገጀራዋን ይዛ ወረደች። እሳት እንዲነድ ያዘዘችው እሷ ናት፤ ብረቱ ወዙን ለውጦ እስኪጠቁር እያገላበጠች አቆየችው። ባልየው ወንበሩን ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ ሬዲዮውን አጥፍቶ ያይ ነበር። ግንዱ ሲወድቅ "ወይ ጥላዬ" አለ። ሥሩ ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ ነጭ፣ ንጹሕ ነበር። አክስቴ አሸተተችው፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝና አሸተትኩ። የበሽታ ምልክት የለም።

ግማሹን እዚያው ቀበርን። ግማሹን በጆንያ ጠቅልለን በሚኒባስ ወደ ላይ ወሰድንና፣ በሽታው ያልደረሰበት የአሮጊቷ ጓሮ ውስጥ፣ ጃርት በማያልፈው አጥር ከልለን ቀበርነው። ከዚያ ዝናብ ዘነበ፤ ጠበቅን። መጀመሪያ የምሥራቹን የነገረችን ጂንካ ያለችው እመቤት ናት። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ ከበር ጠራችኝና እጄን ይዛ አስገባችኝ። መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ከየስንጥቁ እንደ ጣት የሾሉ ጉንቁሎች ወጥተዋል፤ ቀይ ቀይ ናቸው።

"አንድ ሰጥቼ ጫካ ተቀበልኩ" አለች። "ባለቤቴ ከአሁኑ ወንበሩን የት እንደሚያደርግ እየለካ ነው።"

የአሮጊቷ ጓሮም በተራው አወጣ። ችግኞቹ ለመንቀል ሲደርሱ አክስቴ ሴቶቹን ጠራች። አንድ ጓሮ ውስጥ ሁሉንም መትከል ምን እንደሚያመጣ መንገር አላስፈለገኝም፤ ሁሉም አይተውታል። አንዷ ለላይኛው መንደር ወሰደች፣ አንዷ ለወንዝ ማዶ፣ የአቮካዶዋ ሴት ባሏን አስፈቅዳ ከአጥሩ ሥር ቦታ አዘጋጅታ መጣች። አክስቴ ለእያንዳንዷ ስትሰጥ አንድ አዲስ ነገር ትናገር ነበር።

"አንድ ቀን ከጠፋብኝ መጥቼ እጠይቅሻለሁ። እንዳትቀየሚኝ።"

"የሰጠ ሰው ይጠይቃል እንዴ?" አለች ቀልደኛዋ።

"ይጠይቃል። ከዛሬ ጀምሮ ይጠይቃል" አለች አክስቴ። "ጂንካ ሄጄ ሙሉ ዳቦ በልቼ ነው የተማርኩት።"

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ አብረን ወደ ቤቷ ስንመለስ ነጠላዋን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ትሄድ ነበር። ከሥሩ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ። አላፈረችም፤ እንዳየሁ ስታውቅ ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። አንዲት ችግኝ።

"አክስቴ፣ አፈሩ ገና ነው" አልኳት። "በሽታው አፈሩ ውስጥ ይቆያል። የገደላት ነገር ሳይወጣ እሷን መመለስ ማለት ደግመን መግደል ነው።"

"ዐውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሁሉም ጓሮ እሷ አለች፤ የእኔ ቤት ብቻ የለችም" አለች። የተማርኩት ነገር ትክክል ነበር፤ እሷም ትክክል ነበረች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፈራ ተባ እያልኩ ወጣሁ። የድሮው ጓሮ ባቄላና ጎደሬ ተተክሎበታል፤ እንሰት የለም። ችግኟን ያገኘኋት ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። አክስቴ አንድ ቢጫ ጀሪካን አንገቱን ቆርጣ፣ በፈላ ውሃ አጥባ፣ ታቹን በጋለ ምስማር በስታ፣ ከወንዝ ማዶ በተሸከመችው አፈር ሞልታዋለች። መሬቱን እንዳይነካ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጣዋለች። ከመሐሉ የአራሷ አንድ ቅጠል ዘርግታ፣ ሌላውን እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ወደ ላይ አቁማለች። እኔ ይህን አላስተማርኳትም፤ ብትጠይቀኝም አይመጣልኝም ነበር።

ቀልደኛዋ ከአጥሩ ማዶ አየችን። "እንሰት በጀሪካን! ቲቸር፣ ይኼም ትምህርት ነው?"

"የራሷ ሐሳብ ነው" አልኩ።

"ታድጋለች እኮ! ስታድግ ጀሪካኑ ይፈነዳል።"

"ይፈንዳ" አለች አክስቴ። "እስከዚያ አፈሩ ይድናል።"

አጎንብሳ ጀሪካኑን ወደ ጠዋቱ ፀሐይ ትንሽ አዞረችው።